እናቴ የወንድሜን መባረር በእልልታ ተቀበለችው

እናቴ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እልልታዋን አቀለጠችው። ለምን? ወንድሜ ከሥራ ስለተባረረ!

ወንድሜ አሜሪካ ውስጥ የዚያ በእጅ የሚያዘው ኳስ ተጫዋች ነበር። ሥራው ኳሱን ታቅፎ መሮጥ ነው፤ የሌሎቹ ሥራ ደግሞ እሱ ላይ መከመር። ጉልበቱ ሲከዳው ክለቡ ውሉን አላድስም አለ። ገና በሃያ ሰባት ዓመቱ!

የስለት ጃንጥላውን በዚህ ሙቀት ከሰፈራችን ከካርቲየ 6 ጀምሮ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። የተሳለችው ኳሱን እንዲተውላት መሆኑን የነገረችኝ ግን በሩ ላይ ስንደርስ ነው።

"እማዬ፣ እንጀራውን እኮ ነው ያጣው!" አልኳት በንዴት።

"እኔ ልጄን አገኘሁ" አለችኝ።

የባሰው ደግሞ፣ እኔም ውሉ እንዲታደስለት ለዚያው ታቦት ተስዬ ነበር።

ከእናቱ ጋር ተቃራኒ ስለት ተስሎ የረታ ካለ፣ እስቲ ኮሜንት ላይ ይንገረኝ።