ፊሽካና ማሟያዋ

አለቃችንን «ፊሽካ» ያሉት ተማሪዎቹ ናቸው፤ እኔ ብሆን የባሰ ስም አወጣለት ነበር። በጥቁር ገመድ አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጥላል፤ ስብሰባም ሄደ ቀብር አያወርደውም። ሲነፋው ግን በሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አልሰማሁም። በየትኛው በኩል እንደሚነፋ የሚያውቅም አይመስለኝም።

እኔ የዩኒቨርሲቲው ስፖርት ክፍል ዕቃ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ማሊያ አድላለሁ፣ የተመለሰውን እረከባለሁ፣ የውድድር ቀን ደግሞ የሯጮቹን ቁጥር ደረታቸው ላይ አያይዛለሁ። ለአንዷ አራት መርፌ ቁልፍ ነው፤ ከዚያ ካነሰ ወረቀቱን ነፋስ ይገለብጠዋል። የውድድሩ ደንብ በየዓመቱ ከቁጥሮቹ ጋር በአንድ ካርቶን ይመጣል። ከእኔ በቀር የሚያነበው የለም። እኔም የማነበው አዋቂ ሆኜ ሳይሆን ዕቃ ቤት ውስጥ ሌላ የሚነበብ ስለሌለ ነው። ዋና ዋናውን በቀይ እስክሪብቶ አሰምርበትና ከጠረጴዛዬ በስተጀርባ ግድግዳው ላይ ባለው ምስማር እሰካዋለሁ። የአሥራ ሰባት ዓመት ደንብ እዚያ ምስማር ላይ ተደራርቧል።

ፊሽካ ወደ እኛ የመጣው ከማባዣ ክፍል ነው። እዚያ የፈተና ወረቀት ሲያባዛ ኖሮ አንድ ሰሞን የአንደኛ ዓመቱን ፈተና ለሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች ላከው። ሲጠየቅ «አልተነገረኝም» አለ። ፖስታው ላይ በትልቁ ተጽፎ ነበር። በእኛ ግቢ ያጠፋ ሰው ወይ ይባረራል ወይ ያድጋል፤ እሱ አደገና የስፖርት ክፍል ኃላፊ ሆነ። በማግስቱ ሦስት ነጭ መስመር ያለው ሰማያዊ ቱታ ለብሶ መጣ። ቱታውን ተኩሶታል! ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት ቀጥ ያለ መስመር አውጥቶለት፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ሆዱ ግን ከደረቱ ቀድሞ በሩን ገባ። ከዚያ ወዲህ ሲሮጥ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ለስብሰባ ምሳ የሚሄደው መኪና ሲያመልጠው።

«አልተነገረኝም» የምትለዋ ቃል ግን ከማባዣ ክፍል አብራው መጣች። ለሴቶቹ ቡድን ጫማ ሲገዛ አርባ ሁለት ቁጥር ገዛ። በአፌም በጽሑፍም ሠላሳ ሰባትና ሠላሳ ስምንት ብዬው ነበር። የተማሪዎች ዲኑ ሲጠይቀው ዐይኑን በጨው አጥቦ፣ እኔ አጠገቡ ቆሜ እየሰማሁ፣ «አልተነገረኝም» አለ። ውጪ ስንወጣ «እኔ አልነገርኩዎትም እንዴ?» ብለው «ሴትዮ፣ አንቺ ዕቃሽን ጠብቂ» አለኝ። በእሱ አፍ ስሜ ሴትዮ ነው። ያን ቀን አንድ ነገር ልቤ ውስጥ አስቀመጥኩ፤ ይህ ሰው የሚዋረድበትን ቀን በዐይኔ ሳላይ ጡረታ አልወጣም አልኩ።

ስለ ልጅቷ ደግሞ ልንገራችሁ። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ከቡድኑ አምስተኛ። ፊሽካ የተመረጡትን ስም ዝርዝር ሲያነብ አራቱን በስማቸው ጠርቶ እሷ ጋ ሲደርስ «ይቺ እንኳን ማሟያ ናት» አለ። ልጆቹ ሳቁ፤ ስሙም ቀረላት። ማሟያ ፈጣን አይደለችም። ግን አትቆምም። እግሯ አንድ ዓይነት ምት አለው፤ እንደ አክስቷ የስፌት መኪና። ዩኒቨርሲቲ ከመግባቷ በፊት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ፣ ከአክስቷ የስፌት መኪና ሥር አንጥፋ ነበር የምትተኛው። ሌሎቹ አራቱ ከተማው ውስጥ ወላጅ አላቸው። እሷ ያላት በሯጮቹ ማደሪያ ያለው አልጋ ብቻ ነው። በዚያ ሰሞን የተማሪዎች ዲን ደብዳቤ ጻፈ፦ የሴቶቹ ቡድን በአገር አቋራጩ ውድድር እስከ ሦስተኛ ካልወጣ ማደሪያው ለተጋባዥ መምህራን ይሰጣል። ማሟያ ደብዳቤውን እኔ ዘንድ አምጥታ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እትዬ፣ አክስቴ እኮ አሁን ሁለተኛ መኪና ገዝታለች» አለችኝ። «ታዲያ ጥሩ አይደለም እንዴ?» ብላት፣ «እኔ የምተኛበት ቦታ ላይ ነው ያቆመችው» አለች። ስቃ ነው ያለችው።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው አሠልጣኙ ትርፍ አንጀቱን ታሞ ሆስፒታል ገባ። እስከዚያ ቀን ስንተኛ ወጣን፣ ስንት ሆነ የሚለውን ሁሉ የሚያሰላው እሱ ነበር፤ ልጆቹን «እናንተ ሩጡ፣ ቁጥሩን ለኔ ተዉት» ይላቸዋል። ፊሽካ የአሠልጣኙን መታመም ሲሰማ ፊቱ በራ። «ቡድኑን እኔው ራሴ እመራዋለሁ» አለ። መጀመሪያ የሠራው ሥራ ስድስተኛዋን ሯጭ ማስቀረት ነው፤ ሚኒባሱ ውስጥ ለፎቶ አንሺ ቦታ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ስድስት ሜትር ባነር አሠራ። የዩኒቨርሲቲው ስም በአንድ ጥግ ሲሆን «የቡድን መሪ» ከሚለው ሥር የራሱ ስም መሃሉን ይዞታል።

የአገር አቋራጭ ሕግ ቀላል ነው። ከአንድ ቡድን ቀድመው የገቡት የአምስት ሯጮች ደረጃ ይደመራል፤ ድምሩ ያነሰው ያሸንፋል። አምስት ያላስገባ ቡድን ደረጃ የለውም፤ «ያልተሟላ ቡድን» ተብሎ ከዝርዝሩ ይወጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው አምስተኛዋን እንደ ዐይኑ ብሌን ይጠብቃታል። ፊሽካ ግን ያየው የሽልማት መድረኩን ነው። መድረኩ ደግሞ ሦስት ደረጃ ነው ያለው።

ጠዋት ሜዳው ዳር ልጆቹን ሰብስቦ ንግግር አደረገ። «ሦስት ሰው ነው የሚፈለገው። አራተኛዋ ለመጠባበቂያ ትሩጥ። አንቺ ማሟያ፣ ሁለተኛውን ዙር ስትጨርሺ በገመዱ ሥር ውጪና ባነሩን ያዢ። አንዱን እንጨት ሹፌሩ ይይዛል፣ አንዱን አንቺ። ኮከባችን ስትገባ ከኋላዋ ተዘርግቶ መታየት አለበት።»

«እኔ ልያዘው» አልኩት፤ አፌ ብቻ ነው ያለው። «ቱታ የለበሰ ሰው ነው የሚያስፈልገው፣ ሴትዮ። ፎቶ እኮ ነው» አለኝ።

በዚያች ደቂቃ የዘንድሮው ደንብ ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር። አውጥቼ አፍንጫው ሥር ላደርግለት እችል ነበር። እጄም ኪሴ ድረስ ሄዳለች። ከዚያ ግን ድምፅ ማጉያው ታየኝ። በዚያ ሁሉ ዩኒቨርሲቲ ፊት «ያልተሟላ ቡድን» ሲባል፣ እሱ በተተኮሰ ቱታው ሲቆም፣ ዲኑ ከክብር ወንበሩ ዞር ብሎ ሲያየው ታየኝ። ገና ሳይሆን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እጄን ከኪሴ አወጣሁ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?

አራቱ ሊያሟሙቁ ሄዱ። ማሟያ ቁጥሯን ላያይዝላት ቀረች። ሦስተኛዋን መርፌ ቁልፍ ሳስገባ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እትዬ፣ እውነት አምስተኛ አይቆጠርም?» አለችኝ።

አልጋዋ ትዝ ብሎኛል፤ አልዋሽም። ግን ልጅቷን ብነግራት ለእሱ ትነግረዋለች፤ እሱም ይተርፋል። ሦስት ዓመት የጠበቅኩት ቀን በአራተኛዋ መርፌ ቁልፍ ሊበላሽ ነው። ደግሞስ አልኩ በልቤ፣ ዲኑ የማን ጥፋት እንደሆነ ሲያይ ያዝንላታል፣ አልጋዋንም ይተውላታል። ሰው ክፉ ሊሠራ ሲል ምክንያት አያጣም።

«አለቃሽ ያለሽን አድርጊ» አልኳት።

ውድድሩ ተጀመረ፤ ሦስት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር ማሟያ ከሠላሳዎቹ ውስጥ ነበረች። በሁለተኛው አንድ በአንድ እየለቀመች መጣች። እንደዚያ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም፤ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሷል፣ ምቷ ግን ያው ነው። ገመዱ ጋ ስትደርስ ሃያ ሦስተኛ ሆና አራተኛችንን ከኋላዋ ልትይዛት ምንም አልቀራት። ፊሽካ ባነሩን እያሳየ «ውጪ! ውጪ!» ይላል። ያን ጊዜ እንኳ ፊሽካውን አልነፋም።

እግሯ ቀዘቀዘ እንጂ አልቆመችም። እሱን አይደለም ያየችው፤ እኔን ነው። አምስት እርምጃ ብንራራቅ ነው። «ሩጪ» ብል ትሮጥ ነበር። አንድ ቃል ነው። አፌ ግን ሦስት ዓመት የቋጠረውን ቂም ይዞ ተዘግቷል። ልጅቷ ጎንበስ ብላ በገመዱ ሥር ወጣች። ሁለት ሯጮች አለፏት፤ ከዚያ ሌሎች። እንጨቱን ተቀብላ ባነሩን ዘረጋች።

ኮከባችን ሁለተኛ ገባች። ፊሽካ ከባነሩ ፊት ትከሻዋን አቅፎ ፎቶ ተነሣ። እሷ ትተፋለች፣ እሱ ይስቃል። ሌሎቹም ሰባተኛ፣ አሥራ አንደኛ፣ አሥራ ዘጠነኛ ሆነው ገቡ። እኔ እዚያው ቆሜ በጣቴ ደመርኩ። ማሟያ በያዘችው ደረጃ ብትገባ ስልሳ ሁለት ይሆን ነበር።

ድምፅ ማጉያው ውጤቱን መናገር ሲጀምር ፊሽካ ቱታውን እያስተካከለ ወደ መድረኩ ተጠጋ። አንደኛው ቡድን አርባ ስምንት ነጥብ። ሁለተኛው ሰባ አንድ። ሦስተኛው ሰማንያ። ፊሽካ አሁንም ቆሟል። ከዚያ የእኛ ስም ተጠራና «ያልተሟላ ቡድን» ተባለ። አጨበጨበ! እግዜር ያሳያችሁ፣ አጨበጨበ። አጠገቡ የነበሩት አሠልጣኞች ሳቁ፤ ሳቁ እስከ ክብር ወንበሩ ደረሰ። ሦስት ዓመት የለመንኩት ልክ እንደለመንኩት መጣልኝ። እኔም ልስቅ ብዬ ዞር ስል ማሟያን አየኋት። ባነሩን አልለቀቀችም ነበር። እንጨቱን በሁለት እጇ እንደያዘች ከንፈሯ በድምር ይንቀሳቀሳል፤ እሷም እየቆጠረች ነበር።

በሳምንቱ ኮሚቴ ተቀመጠ፤ እኔም ለምስክርነት ተጠራሁ። ዲኑ «አምስት ሯጭ እንደሚያስፈልግ እንዴት አያውቁም?» ብሎ ሲጠይቀው ፊሽካ አንገቱን ቀና አድርጎ «አልተነገረኝም» አለ። ያ ሰው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ተናገረ፤ እውነቱን የሠራሁለት ደግሞ እኔ ነኝ። ዲኑ ወደ እኔ ዞሮ «እርስዎስ፣ ለእርሳቸው የነገረ ሰው አይተዋል?» አለኝ። «አላየሁም» አልኩ። ይህም እውነት ነበር።

ኮሚቴው ጥፋቱ የአሠልጣኙ መታመም ነው ብሎ ወሰነ። ፊሽካ ወደ ቤተ መጻሕፍት ተዛወረ፤ የሚሽከረከር ወንበር ተሰጥቶታል አሉ። ዝምታ በሚጠበቅበት አዳራሽ ፊሽካ አንጠልጥሎ ይውላል። እንኳን ሊዋረድ ወንበሩ ለሰለሰለት። ማደሪያው ለተጋባዥ መምህራን ተሰጠ። ስለ ማሟያ ኮሚቴው ውስጥ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አላነሣኋትም።

ሰኞ ጠዋት በመስኮቴ መጣች። ማሊያውን አጥባ አጥፋዋለች፤ አራቱን መርፌ ቁልፎች ወረቀት ላይ ሰክታ ከላይ አስቀምጣለች። ከሥር ክሊራንስ አለ፤ ትምህርቱን ጥሎ የሚሄድ ተማሪ በየክፍሉ የሚያስፈርመው ቅጽ።

«ወደ አክስትሽ ነው?» አልኳት።

«አዎ እትዬ። ሁለተኛዋን መኪና እኔ እሰፋባታለሁ።» ማሊያውን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «እትዬ፣ ያን ቀን አምስት እንደሚቆጠር ያውቁ ነበር?» አለችኝ።

ጥያቄው ክስ አልነበረበትም። አላውቅም ብላት ልታምነኝ ተዘጋጅታለች፤ ያ ነው የገደለኝ። እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው፤ ዐይኔን በጨው አጥቤ «አልተነገረኝም፣ ልጄ» አልኳት።

እሷ እኔን አላየችም። ከትከሻዬ በላይ ግድግዳውን ታያለች። ምስማሩ ላይ ከሁሉ በላይ ያለው ከውድድሩ መልስ የሰካሁት የዘንድሮው ደንብ ነው፤ «አምስት» የሚለው ሥር በቀይ ሁለቴ ተሰምሯል። አይታው ስታበቃ ዐይኗን ወደ መስኮቱ ዝቅ አደረገች።

«ይፈርሙልኝ» አለች። እትዬ አላለችኝም።

ቅጹ ላይ «የተረከቡት ዕቃ» ከሚለው ፊት አንድ ቃል መጻፍ ነበረብኝ። ማሊያውን አየሁ፣ መርፌ ቁልፎቹን ቆጠርኩ፣ አራቱም አሉ። «ተሟልቷል» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።