አያሌውን ያስነጠሰው ሣር

ለዕረፍት ላሊበላ የመጣችው የልጅ ልጄ ሳባ ከጓሮው ሣር አንድ ዘለላ አበባ ቀጥፋ መዳፌ ላይ አራገፈችው። ቢጫ ብናኝ። ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው ይህንኑ ነው።

«አባባ፣ እጽዋት ፕሮቲን ሲሠሩ የስኳር ሰንሰለት ይሰኩበታል» አለችኝ። «ሰንሰለቱ መጀመሪያ ከእኛው ጋር አንድ ነው። ኋላ ሴሉ ውስጥ ይከረክሙትና የራሳቸውን ስኳር ይቀጥሉበታል፤ ዛይሎስ የሚባል። በእኛ ሰንሰለት ላይ እንዲህ ያለ ቅጥያ የለም። ሰውነታችን ሲያገኘው ባዕድ መሆኑን ያውቃል።»

እኔ ስለ ስኳር የማውቀው ሐኪም እንደከለከለኝና ተደብቄ እንደምልሰው ብቻ ነው። ብናኙን ሳይ ግን አያሌው ትዝ አለኝ፤ እጄን በጋቢዬ ጠረግሁ።

አያሌው የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ነበር። ክረምቱ ወጥቶ ሣሩ ሲያብብ ዓይኑ ይቀላል፣ ያስነጥሰዋል። እናቱ «ብርድ ነው» እያሉ በፌጦ ያሹት ነበር። በደርግ ጊዜ፣ ተማሪ በሚታደንበት በአንድ ክፉ መስከረም፣ ስማችን መነሣቱን ሰማንና ማለዳ ወደ አሸተን ማርያም የሚወስደውን ዳገት ተያያዝነው። ከተራራው ባሻገር አጎቱ ዘንድ ልንደበቅ ነበር።

ስንቃችን በሶ ነው። እኔ ነፍሴን ለማትረፍ ስሮጥም ሆዴን የማስቀድም ሰው ነኝና ዳገቱን ሳናጋምስ አፌን ሞላሁት። ያኔ የቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች ከበታች ብቅ አሉ። ከገብስ ማሳ ዳር በረዘመው ሣር ውስጥ ተጋደምን፤ ሌላ መደበቂያ አልነበረም። ደረቁ በሶ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ፣ የምንያዘው በእኔ ሳል ነው ብዬ ነበር። አያሌው አፍንጫውን በሁለት እጁ አፍኗል፤ እንባው ይወርዳል።

ሰልፉ አልፎ ሊያልቅ ሲል አስነጠሰ።

«ይማርህ!» አሉ ከኋላ የነበሩት ሽማግሌ ጠባቂ፣ ዞር እንኳ ሳይሉ። ከጓዶቻቸው አንዱ መስሏቸዋል። ተርፈን ነበር።

«ያኑርዎ!» አለ አያሌው።

እናቱ እንዲያ ነው ያሳደጉት። ይማርህ ላለው ሰው ሳይመልስ ቀርቶ አያውቅም። ዞሮ ሲያየኝ ሊስቅም ሊያለቅስም የቃጣው ይመስል ነበር። «ተኛ» አለኝ በሹክሹክታ። ከዚያ እጁን ወደ ላይ አድርጎ ተነሣና እኔ ካለሁበት እየራቀ ሄደላቸው።

«ብቻዬን ነኝ» አለ።

«ምነው ልጄ፣ ዝም ብትል ምን ነበር?» አሉት ሽማግሌው።

ይዘውት ቁልቁል ወረዱ። መንገዱን ሙሉ ሲያስነጥስ ይሰማኛል፤ እየራቀ፣ እየራቀ። አሁን ግን ይማርህ የሚለው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ አየሁት የሚል ሰው አላገኘሁም።

«እንግዲያ ያስያዘው ያ ስኳር ነዋ?» አልኳት ሳባን፣ ታሪኩን ነግሬያት ስጨርስ።

«በስኳሩ ብቻማ አይፈረድም፣ አባባ። ብዙ ጊዜ የሚያስነጥሰው ፕሮቲኑ ራሱ ነው።»

ይኸው ነው የእኔ ዕድል። ዕድሜዬን ሙሉ የምረግመው ጥፋተኛ ስፈልግ ኖሬ፣ ዛሬ አንድ ቢገኝ እሱም በነፃ ተለቀቀ።

ብናኙ ለሳባም አልተስማማትም፤ አስነጠሰች።

«ይማርሽ» አልኳት።

«ያኑ...» ስትል አፏን በመዳፌ ከደንኩት። እንደ ልማዴ የምቀልድ መስሏት በጣቶቼ መካከል ሳቀች። እኔ ግን ከአጥሩ ውጭ ያለውን መንገድ እያዳመጥሁ ነበር።