ጎርፍን የምትቀድም ሴት

«አንቺ የምትሮጪው እንደ ውሃ ነው» አለችኝ እታለም ደብሬ፣ ፊት ለፊቴ ቆማ፣ ዓይኔን እያየች። «ለእግርሽ የለሰለሰውን እየመረጥሽ ወደ ቦዩ ትገቢያለሽ። ውሃ ዓይን የለውም፤ አንቺ ግን አለሽ። የተራራውን ጀርባ ያዢ።» ከሰፈራችን ልጆች ወንዱንም ሴቱንም ጥዬ የምሮጥ ነበርኩ፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። እንዲህ ብሎ የተናገረኝ ሰው አልነበረም። ተናደድኩ፤ እንባዬም መጣ፤ ግን ጀርባውን ያዝኩ።

ይህ ሁሉ ትዝ ያለኝ ባለፈው ነሐሴ ነው። ቆቦ ከተማ በባጃጅ ስሄድ፣ ድልድዩ አጠገብ ስንደርስ አንድ ሽታ መጣ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሽታው ግን የጎርፍ ነው። ለማያውቀው ጭቃ ጭቃ ይላል። ለሚያውቀው ግን ደጋው ተፈንቅሎ ሲመጣ ነው የሚሸተው፤ የጥድ ቅርፊት፣ የበግ በጠጥ፣ የራሰ የገብስ ገለባ፣ በረዶ ያረፈበት ድንጋይ። «ቁም» አልኩት ባለባጃጁን። «ምን ረሳሽ እህቴ?» አለኝ። ምንም አልረሳሁም። ወርጄ ድልድዩ ላይ ቆምኩ። ውሃው ገና አልደረሰም፤ ሽታው ቀድሞት ነው የመጣው።

እታለም ደብሬ ካረፈች ቆይታለች። ዛሬ ላይኛው ቀበሌ ያለ ሰው ስልክ ይደውልና ነገሩ ያልቃል። በእኔ ልጅነት ግን ሞባይል እኛ ጋ አልደረሰም፤ ከተራራ የሚመጣ ወሬ ሁሉ በእግር ነበር የሚመጣው።

እኛ አገር ዝናብ የሌላ ሰው ንብረት ነው። ደመናው ዓይናችን እያየ የራያን ሜዳ ያልፍና ምዕራብ ያለው ተራራ ላይ ወጥቶ ይዘንባል። ማሽላችን ሊያሽት ሲል ቅጠሉ ይጠቀለላል፤ የሚያድነው ከደጋ የሚመጣ ጎርፍ ብቻ ነው። አባቶቻችን ደረቁ ወንዝ ውስጥ ገብተው ድንጋይ፣ የግራር ቅርንጫፍና አፈር ይከምራሉ፤ ውሃው ሲመጣ በእሱ ተገፍቶ ወደ ማሳ ይታጠፋል። ጠለፋ ይሉታል። አንዱ ጎርፍ ጠለፋውን ጠራርጎት ይሄዳል፤ እነሱ እንደገና ይሠሩታል። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ወንዙ ውስጥ ሰው አለ። ሰው ፀሐይ ላይ እየሠራ፣ አናቱ ላይ አንድ ጠብታ ሳያርፍ፣ ቤት የሚያህል ውሃ ከጀርባው ይመጣበታል።

እታለም ደብሬ ይህን ውሃ ትቀድመው ነበር። ማጋነን አይደለም። የደጋ ልጅ ናት፤ ለጎረቤታችን ተድራ ነው ቆላ የወረደችው። ክረምት ሲገባ አፋፉ ላይ ያለው ወንድሟ ቤት ወጥታ ትከርማለች። ዝናቡ አጥብቆ ሲይዝ ጎንበስ ብላ የበረባሶዋን ጠፍር ታጠብቅና ትነሳለች። ውሃው በገደሉ ውስጥ እየተጠማዘዘ ሲዞር፣ የእሷ መንገድ የተራራውን ጀርባ ይዞ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ከወንዙ ማዶ፣ ከማሳችን ትይዩ ያለችው የመጨረሻዋ ጉብታ ላይ ስትደርስ ትጣራለች። እኛ ልጆች ነጠላዋ ከጥዱ ውስጥ ብቅ ሲል ጨዋታችንን ጥለን እንቆም ነበር። ሰው እንዲያ ሲወርድ ከዚያ በኋላ አላየሁም። ድንጋዩን ትረግጠዋለች አይባልም፤ ድንጋዩ ነው እየተቀበለ የሚያሳልፋት። ሜዳ ላይ እኮ ጉልበቷን ይዛ የምትጎተት፣ ገበያ ደርሳ እስክትመለስ ማሽላ የሚደርስባት ሴት ነበረች!

ጉልበቷ የባሰባት እኔ ስምንተኛ ክፍል በጨረስኩበት ክረምት ነው። ቤታችን መጥታ አባቴን ጠየቀችው።

«ይቺን ልጅ ስጠኝ።»

«ሴት ልጅ ለጎርፍ አልሰጥም» አለ አባቴ።

«እኔስ ምንድን ነኝ? በሬ?»

እናቴ ከጓዳ ሆና ገባችበት። «ውሰጃት እታለም፤ በማርያም ውሰጃት! አንድ የተረፈ ድስት አለኝ፤ እዚህ ከከረመች እሱንም ትሰብረዋለች።»

ያ ዳገት! ከግራርና ከቁልቋል ተነስተን፣ ክትክታውን አልፈን፣ ወይራው ውስጥ ስንገባ ላቤ ደረቀ። ጥዱ ጋ ስንደርስ በረደኝ። ከዚያ በላይ ዛፉም እያጠረ ሄዶ አስታ ብቻ ሆነ፤ ቀጥሎ ጅብራው እንደ ዘበኛ እዚህም እዚያም ብቻውን ቆሟል። አየሩ ሳሳብኝ፤ አፌን ሞልቼ ብስበውም ሳንባዬ አልጠግብ አለ። ኮንጎ ጫማዬ እርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ ሳሙና ሲያንሸራትተኝ እታለም በልጥ ጠፍራ አሰረችልኝ። አፋፉ ላይ ወጥቼ ዞር ስል ደመናው ከእኛ በታች ነበር። በተቀደደበት በኩል አገሬ ሁሉ ታየኝ፤ የማሽላው አረንጓዴ፣ የቆቦ ቆርቆሮ፣ ከዋጃ ወደ ጎብዬ የሚወርደው አስፋልት፣ ከዚያ ወዲያ የዞብል ተራራ፣ ከዞብልም ወዲያ የአፋር ምድር ጭጋግ ለብሶ። እኔ ዓለም ማለት ያ ሜዳ ይመስለኝ ነበር። በነጠላ ጫፍ የሚሸፈን ሆኖ አገኘሁት። ከኋላዬ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ያጉረመርማሉ።

«ምነው፣ አፍሽን ቆላ ረሳሽው እንዴ?» አለችኝ እታለም።

ሩጫውን ያስተማረችኝ በብዙ ወሬ አልነበረም፤ ከፊቴ እየሮጠች ነው። ቁልቁለት ላይ በተረከዝ ካልተገታሁ ብዬ ስታገል ዞራ ታየኝና «ከተራራው ጋር አትጣይ፤ እሱ ካንቺ ይብሳል» ትለኛለች። ዓይኔን ከእግሬ ላይ አንስቼ ሦስት ድንጋይ ቀድሜ ማየት የጀመርኩ ቀን ድንጋዮቹ መንገድ ሆኑልኝ።

አንድ ቀን ጭጋጉ ውስጥ ተቀምጠን የገብስ ቆሎ እየቆረጠምን ጠየቀችኝ።

«ጉብታው ላይ ስትደርሺ ምን ትያለሽ?»

«ኡኡ እላለሁ። ጎርፍ መጣ እላለሁ።»

ቆሎውን ከእጇ አስቀመጠች።

«ሰው ኡኡታ ሲሰማ ምን ያደርጋል?»

«ይሮጣል።»

«ወዴት?»

«ወደ ጮኸው ሰው።»

«እኔ ያኔ ሙሽራ ነበርኩ» አለች። «እናቴን ጠይቄ ስወርድ ጎርፉን መንገድ ላይ ሰማሁት፤ ሮጬ ቀደምኩት። ጉብታው ላይ ቆሜ ኡኡ አልኩ። ባሌ ከማዶ ነበር፤ ማሳው ውስጥ፣ ደህና ቦታ። ድምፄን ለየው።»

እኔም እኔ ነኝና ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ፤ ፊቷን አየሁና ዘጋሁት። ከማሳው ወደ ጉብታው የሚመጣ ሰው የሚያቋርጠው ወንዙን ነው።

«የምስራች ነው የምትይው» አለች። «የምስራች የሰማ ሰው አይሮጥም። ቀና ይላል፣ ያዳምጣል፣ ምስር ብይ ብሎ ይመልሳል። ያን ጊዜ ውሃ ነው ትያለሽ፤ ሁሉም ወደ ማሳው ዳር ይወጣል። በደስታ ነው የምትጣሪው። ልብሽ ቢቆምም በደስታ።»

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው፤ አንድ ረፋድ ላይ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወርዶ የገብሱን ማሳ ነጭ አደረገው። ከገደሉ ሥር ድምፅ መጣ። ነጎድጓድ መስሎኝ ነበር፤ ነጎድጓድ ግን ያቆማል፤ ይህ አላቆመም። እታለም ተነሳች፤ ጉልበቷን ይዛ ተመልሳ ተቀመጠች። እንደገና ሞከረች።

«ዛሬ ጠለፋው ላይ ተራው የአባትሽ ነው» አለችኝ። «ሂጂ። ከኋላሽ እመጣለሁ።»

ሮጥኩ። በረዶው ፊቴን ይገርፈኛል፤ መንገዱ ከእግሬ ሥር እንደ ወንዝ ይፈሳል። በቀኜ ገደሉ ነው፤ ውስጡ ውሃው ድንጋይ እያንከባለለ ያገሳል፤ አንዳንዴ ከኋላዬ፣ አንዳንዴ አጠገቤ፣ አንዳንዴም ጥሎኝ ያለፈ ይመስለኛል። ጥዱ ጋ ስደርስ በስተቀኝ ለስላሳ ሣር የለበሰ ቦይ ቁልቁል ተዘርግቶ ጠራኝ፤ በዚያ ብወርድ ግማሽ መንገድ ይቀርልኛል። እግሬ ሊገባ ነበር። ጀርባውን ያዝኩ። ትንሽ ወርጄ ዞር ስል ያ ቦይ ሣሩ አይታይም፤ ከአፍ እስከ አፍ ቡናማ ውሃ ሞልቶታል። ወደቅኩ፣ ጉልበቴ ተላጠ፣ ተነሳሁ። ወይራ፣ ክትክታ፣ ቁልቋል። ሙቀቱ ከታች መጥቶ ተቀበለኝ።

ጉብታዋ ላይ ፀሐይ ነበር። ሜዳው ምንም አልሰማም። ወንዙ ነጭ አሸዋ ነው፤ ወንዶቹ ሸሚዛቸውን አውልቀው ድንጋይ ይቀባበላሉ። አባቴ ወደ እኔ በቀረበው ጫፍ ጎንበስ ብሎ ቅርንጫፍ ያጋድማል። ኡኡታው ጉሮሮዬ ላይ ተሰብስቦ መጣ። ዋጥኩት።

«የምስራች!»

ጎረቤታችን አያ ሁሴን ቀና አለ። «ምስር ብይ! ማን ወለደች?» ሰዎቹ ሳቁ።

«ውሃ ነው! ሸጋ ውሃ!»

ሳቁ ቆመ። አካፋና ዶማቸውን እያነሱ ወደ ማሳው ዳር ይወጡ ጀመር፤ ሳይጋፉ፣ ሳይደናገጡ፣ ልክ እሷ እንዳለችው። አባቴ ግን አልወጣም። የለመደው የደብሬን ድምፅ ነው፤ የሰማው የእኔን። ፀሐዩን በእጁ ከልሎ አየኝ። ብቻዬን ነኝ፤ ቀሚሴ ተቀዷል፤ እግሬ ደም በደም ነው። «ልጄ! ምን ሆነሽ ነው?» አለና ወደ እኔ ተራመደ። ወደ ወንዙ መሃል።

ከገደሉ አፍ ቀዝቃዛ ነፋስ ወጣ፤ ጥድ ጥድ ይላል። ከነፋሱ ኋላ ምን እንዳለ አውቃለሁ። ተመለስ ብዬ ብለምነው እንደማይመለስ፣ ብጮህ ደግሞ እንደሚሮጥልኝም አውቃለሁ፤ አባቴ ነው።

እልል አልኩ። እንደ ሰርግ ቤት ሴት፣ ነጠላዬን እያውለበለብኩ፣ ደም በሚወርደው እግሬ እየዘለልኩ፣ ትከሻዬን እየሰበቅኩ እልል አልኩ። ጥርሴን ሁሉ አሳየሁት። አባቴ ቆመ። ከዚያ ርቀት ፈገግ ማለቱ ታየኝ። «ይቺ እብድ!» ሳይል አልቀረም። ዞረና ዶማውን አንስቶ ወጣ።

እግሩ ዳሩን ሲረግጥ ውሃው ደረሰ። መጀመሪያ አረፋና ጭራሮ፣ ቀጥሎ ግንድ፣ ቀጥሎ ምድር ራሷ ተነስታ የምትሄድ የሚመስል ቡናማ ነገር። ጉብታዋ ከሥሬ ተንቀጠቀጠች። ውሃው ጠለፋውን መታው፤ አቅማማ፤ ከዚያ ታጠፈና ማሽላው ውስጥ ገባ። ቅጠሎቹ ሲንሿሹ ይሰማኛል። «አልሐምዱሊላህ!» አለ አያ ሁሴን። ሌሎቹ ማርያምን ጠሩ። ከሁሉም በላይ አንድ ድምፅ ወንዙን ተሻግሮ መጣ፤ «ምስር ብይ ልጄ! ምስር ብይ!»

እታለም ደብሬ ዱላዋን ተደግፋ የደረሰችው ጥላ ሲዞር ነው። በፊት በፊት ተጣርታ ስታበቃ ጀርባዋን ለወንዙ ሰጥታ ትቀመጥ ነበር፤ እኛ ልጆች ደክሟት ይመስለን ነበር። ያን ቀን ጉብታው ጫፍ ላይ ቆማ ውሃውን አየችው፤ ብዙ አየችው።

«ማን መለሰልሽ?»

«አባቴ።»

«ከየት ሆኖ?»

«ከማዶ። ከማሳው።»

ራሷን ነቀነቀች። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደ ውሃው አድርጋ። ተራራው አናት ላይ ደመናው አልተገፈፈም።

«ነገም ይዘንባል» አለች። «እኔ ውሃው ሲጎድል ተሻግሬ ቤቴ እገባለሁ። አንቺ እላይ ወንድሜ ቤት፣ በሩን ሳይዘጋ ድረሺ።»

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጥብቄ አሰርኩና ዳገቱን ያዝኩ።