የኤልዛ ኮምብስ ናስ

ዴልማር ኮምብስ አሥራ ሁለት ዓመት በሞላበት በጥር ወር፣ ከነቤተሰቡ ከተወለደበት ቤት ወጥቶ በረዶ ላይ ተጣለ። ቤቱ የኩባንያው ነበር። በምሥራቅ ኬንታኪ ተራሮች ሥር ድንጋይ ከሰል የሚቆፍር ሁሉ ያን ጊዜ በኩባንያ ቤት ያድራል፣ ከኩባንያ ሱቅ ይበላል። አባቱ ኤልዛ አንድ ፉርጎ ከሰል በሞላ ቁጥር፣ 214 የሚል ቁጥር የተመታበት ትንሽ ናስ ያንጠለጥልበታል። ፉርጎው ከጉድጓዱ ወጥቶ ሚዛን ላይ ሲደርስ የማን ድካም እንደሆነ የሚናገር ሌላ ምስክር የለም።

አንድ ቀን፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያልታወቀ ሰው የኤልዛን ናስ ከንጹሕ ከሰሉ ፈትቶ በድንጋይ የተሞላ ፉርጎ ላይ አንጠለጠለው፤ ክፍያው በክብደት ነበርና ድንጋይ መጫን እንደ ስርቆት ይቆጠራል። ኤልዛ ሊያስረዳ አለቃው ዘንድ ቀረበ። አለቃው ናሱን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ፣ «ቁጥሩ ያንተ ነው፣ አይደለም?» አለው። ምርመራው ይኸው ነበር። በሦስተኛው ቀን አልጋቸውና ምጣዳቸው ደጅ ላይ ተከመረ።

ያን ክረምት በአንድ አጎት የዶሮ ቤት ውስጥ አሳለፉት። ዴልማርን ትኩሳት ጣለው፤ እናቱ ሁለት ጊዜ ሞተ ብላ አልቅሳበታለች። ነፍሱ ተረፈች፣ የግራ ጆሮው ግን ደንቁሮ ቀረ። ኤልዛ ሌላ ጉድጓድ ሥራ ሊጠይቅ በሄደበት ሁሉ ወሬው ቀድሞት ይደርስ ነበር። «ድንጋይ ጫኙ» እንደተባለ ሞተ። ለልጁ የተወለት ርስት ያ ናስ ብቻ ነበር።

ዴልማር በአሥራ ሰባት ዓመቱ በአውቶቡስ ኦሃዮ ገባና በሃሚልተን ከተማ ካዝና የሚሠራ ፋብሪካ ተቀጠረ። ለመኪና ሞተር ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን የካርቡራተርን ነገር ማንም አላስተማረውም። ቤቱ ጓሮ ባለው ጋራዥ ውስጥ እየፈታና እየገጠመ፣ ደህና አድርጎ ማንበብም ያልቻለውን መጽሐፍ በጣቱ እየተከተለ፣ ከሠላሳ ዓመቱ በኋላ በራሱ ተማረው። ቀኝ ጆሮውን ወደ ሞተሩ ሰጥቶ አንገቱን ዘንበል ሲያደርግ ጸሎት የሚያደርስ ይመስል ነበር። ጨርሶ ባስረከበው ካርቡራተር ሁሉ ጥግ ላይ በአንዲት ብሎን የሚያስራት ትንሽ ናስ ነበረችው። የተመታባት ቁጥር 214 ነው። የሠላሳ ዓመት አሮጌ መኪና ገዝቶ እንደ ሙሽራ የሚያሳምር የአገሩ ሰው ያችን ናስ ሲያይ ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም።

በ2003 የጸደይ ወራት ሬክስ ታነሂል የሚባል፣ የመዋኛ ገንዳ እየሸጠ የከበረ ጎልማሳ፣ ሸቬል የሚባል ቀይ የ1969 መኪና ይዞ መጣ። ካርቡራተሩን በሚያሳልፈው የአየር መጠን ቁጥር መርጦ ነበር የመጣው። «ሚስተር ኮምብስ፣ ስምንት መቶ ሃምሳውን ይግጠሙልኝ። ትንሽ ነገር አልወድም» አለ።

ዴልማር መኪናው ምን ያህል እንደሚመዝን፣ የኋላው ማርሽ ስንት እንደሆነ፣ ውድድር ሜዳ ይገባ እንደሆነ ጠየቀው። መኪናው የሚሄደው ቅዳሜ ከሰዓት ዋናው ጎዳና ላይ ብቻ ነበር። «ልጄ፣ በዚህ ጠባብ ደረት ላይ ያን ሰፊ ጉሮሮ ብተክልበት ምን ይሆናል?» አለው ዴልማር። ቤንዚኑን ስቦ የሚያወጣው በጉሮሮው የሚያልፈው ነፋስ ፍጥነት ነው፤ ጉሮሮው ከልክ በላይ ሲሰፋ ነፋሱ ይለግማል፣ ቤንዚኑም አይነሳም፤ ነጂው በድንገት ሲረግጠው ሞተሩ ትን ብሎት ጸጥ ይላል። ይህን ሁሉ አስረዳው። ሬክስ ፊቱ ባይፈታም እሺ አለ።

ስድስት መቶ ሃምሳውን ገጠመለት። ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ፍጥነቱን የሚወስነውን ሚኒሞ በካቻቢቴ ሩብ ሩብ ዙር እያዞረ አዳመጠው። ነዳጅ የሚለኩትን ባለ ቀዳዳ ናሶች አራት ጊዜ ለወጠ። በየጊዜው ካንዴላዎቹን እያወጣ ቀለማቸውን ያያል፤ ከጠቆሩ ቤንዚን በዝቷል፣ ከነጡ አንሷል። በመጨረሻ እንደ ደረቀ የትምባሆ ቅጠል ቡናማ ሆነው ወጡ። 214 የተመታባትን ናስ አሰረና መኪናውን አስረከበ።

በሰኔ፣ የፋብሪካ ባልደረባው የነበረው ቨርን ሾርኪ ጋራዡ ደጃፍ መጥቶ ባርኔጣውን በእጁ ማዞር ጀመረ። ሳይወድ ተናገረ። የሬክስ መኪና ሰው ሁሉ በሚያይበት የትራፊክ መብራት ላይ ሦስት ጊዜ ጠፍቶበታል። ሬክስም ኮፈኑን ከፍቶ ናሷን በጣቱ እያሳየ፣ ሽማግሌው በአንድ ጆሮው ሞተሩን ግማሹን ብቻ ነው የሰማው ብሎ አስቆበታል።

«ማን ሳቀ?» አለ ዴልማር።

ቨርን መሬት መሬቱን አየ። «ሁላችንም፣ ዴል።»

ዴልማር በዚያ ቀን ወደ እራት አልቀረበም። ሠላሳ ዓመት ያሳመራትን ቁጥር ይኸው ዳግመኛ ድንጋይ ጫነች አሏት! ሚስቱ ኦፓል የሸፈነችለትን ሳህን መልሳ ከፊቱ አኖረችና፣ «አባትህ ተናግሮ አልተሰማም። አንተ ደግሞ ሳትናገር ልትቀር ነው?» አለችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሄደ። የአሮጌ መኪና ወዳጆች በየቅዳሜው በሚሰበሰቡበት ሃምበርገር ቤት ግቢ ውስጥ መኪኖቹ ተሰልፈዋል። የግቢው ደንብ የታወቀ ነው፤ ኮፈን ተከፍቶ ይቆማል፣ የፈለገ ያያል፣ ይተቻል፣ ይፎካከራል። ያን ቀን ኮፈኑ የተዘጋው ቀዩ ሸቬል ብቻ ነበር።

«ክፈተው» አለ ዴልማር።

«ሞተሩ ሞቋል፣ ሚስተር ኮምብስ። ሌላ ቀን ይዩት።»

«ሠላሳ ዓመት የሞቀ ሞተር ነው የማየው። ክፈት።»

ሰዎች ከየመኪናቸው ተነስተው ቀረቡ። አንዱ ከኋላ፣ «ሬክስ፣ ገንዳ ነው እንዴ የደበቅህበት?» አለው። ሬክስ ከፈተ።

ዴልማር መነጽሩን አደረገና ጎንበስ አለ። ሞተሩ ላይ የተቀመጠው እሱ የገጠመው አልነበረም። ያ የተከለከለው ስምንት መቶ ሃምሳ፣ ገና ከካርቶን እንደወጣ እያብረቀረቀ፣ ጥጉ ላይ የኤልዛ ኮምብስን ቁጥር አንጠልጥሏል።

«የሠራሁልህ የት ነው?»

ሬክስ በራሱ ቤት ጋራዥ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ነገረው። ትልቁ ያምራል ብሎ በገዛ እጁ እንደቀየረው፣ ናሷን ደግሞ ሰው ስለሚጠይቅ ብቻ እንዳዛወራት አወራ። «ቁራጭ ናስ ናት እኮ፣ ምን ያስቆጣል?» አለና ሊስቅ ሞከረ። የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ!

የሳቀለት የለም። ከቆሙት መካከል እኩሌቶቹ የከሰል ቆፋሪ ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ፤ የሰው ናስ ማዛወር ምን እንደሆነ በየቤታቸው ሲወራ ሰምተው ያደጉ። ቨርን ሾርኪ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እንዲህ ባለች ቁራጭ ናስ አባቴ ከቤቱ ተጥሏል» አለ ዴልማር፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ። ከኪሱ ካቻቢቴ አውጥቶ ለሬክስ ሰጠው። «ራስህ ፍታት። ስትፈታ ደግሞ የማን ሥራ እንደሆነ ለእነዚህ ሰዎች ንገር።»

ሬክስ ፈታት። የመጀመሪያዎቹ ቃላት አልተሰሙም፤ ዴልማር ቀኝ ጆሮውን አዙሮ ድገመው አለው። ደገመ፤ ካርቡራተሩን የመረጥሁት እኔ ነኝ፣ የገጠምሁትም እኔ ነኝ አለ።

በሳምንቱ ሬክስ ትንሹን ካርቡራተር በጨርቅ ጠቅልሎ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ዴልማር መልሶ ገጠመለት፤ ሞተሩ ምን አጠፋ? መኪናው ከዚያ በኋላ መብራት ላይ አልጠፋም። ናሷ ግን ወደዚያ መኪና አልተመለሰችም፤ ከአባቱ ናስ ጎን ግድግዳው ላይ ተሰቀለች።

ዴልማር በሰማንያ አንድ ዓመቱ ጋራዡን ሲዘጋ፣ ከዚህ ሁሉ ዘመን ትልቁ ነገር የትኛው እንደሆነ ቨርን ጠየቀው፤ ስለ አንድ ፈጣን መኪና ሊያወራለት መስሎት ነበር። ዴልማር ግድግዳው ላይ ያሉትን ሁለቱን ናሶች አየት አደረገና፣

«በሠራሁት ይፍረዱብኝ፣ ቨርን፤ ክፉም ቢሆን እቀበላለሁ። ባልሠራሁት ግን ማንም አይፈርድብኝም። አባቴ ይህችን ታህል ፍትሕ እንኳ ሳያገኝ ነው የሞተው» አለው።