አጎቴ ለልጃቸው የሚሸከሙት ሳር

አጎቴ የአገራችን የጋራ ሳር መሬት፣ የጓሳው ክልከላ ተነሥቶ ሳር ሲታጨድ፣ ከድርሻቸው አንድ ሸክም ለልጃቸው ያስቀምጡ ነበር። ልጃቸው አእምሮውን ታሞ የተኛበት የከተማው ሆስፒታል አርጅቷል፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ ፍራሹ ሽንት ሽንት ይሸታል። ዘበኛው «አባባ፣ እዚህ እኮ በግ የለም» ብሎ ሲስቅባቸው፣ «በግማ ቢሆን እዚህ አላሳድረውም ነበር» ይሉታል። ከዚያ ገብተው የረጠበውን የቀድሞ ሳር አውጥተው ደረቁን ከፍራሹ ሥር ይጎዘጉዛሉ።

ዓምና ለሆስፒታሉ አዲስ ሕንፃ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል አብረን ነበርን። በጀት ተይዟል ተባለ፤ ተጨበጨበ። እኔ እስከ ዛሬ የማልረሳው ግን ለሹማምንቱ ጫማ የተጎዘጎዘው ለምለም ሳር ነው። አጎቴ እንግዶቹ እስኪሄዱ ጠበቁና ጎንበስ ብለው የተረገጠውን በጋቢያቸው ሰበሰቡ። «ሲደርቅ ይሆነዋል» አሉኝ።

ድንጋዩ አሁንም ብቻውን ቆሟል፤ ፍየል ይታከክበታል። አጎቴን ከቀበርን ወዲህ ሳሩን የምወስደው እኔ ነኝ። መሞታቸውን ስነግረው ልጃቸው ሳሩን አሸተተ።

ከዚያ ቀና ብሎ፣ «አባዬ የተኙበትስ ያፈሳል?» አለኝ።