የአጎቴ ቢጫ ሰደርያ

አጎቴ ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭን የሚለብሰውን የሚያበራ ቢጫ ሰደርያ ለብሶ ነው ሐይቁ ዳር የወረደው።

«ጋሼ፣ እሱ መኪና እንዳይገጭዎት እንጂ ለውኃ ምን ይሠራል?» አልኩት።

«አሥራ ሁለት ዓመት የሴፍቲ ትሬኒንግ የወሰድኩት እኔ ነኝ። አንተ ገና ትናንት በዲቪ መጥተህ!»

ከሰፈራችን ከሌክ ሃይላንድስ ግማሽ ሰዓት ነድተን ነበር። ኃይለኛ ነፋስ ነበር፤ ማዕበሉ ዳር ዳሩን የተከመረውን ድንጋይ እየመታ ፊታችን ላይ ይረጫል። እዚያ ያደረሱን ጣት የሚያህሉ ብርማ ዓሣዎች ናቸው። አጎቴ ዱቄት ነስንሶ ከነአጥንታቸው ይጠብሳቸዋል። ለእነሱ ብሎ የሚወረወር አዲስ መረብ ገዝቷል። የመረቡ ገመድ እጅ ላይ ላላ ተደርጎ ነው የሚያዘው፤ እሱ ግን መረቡ እንዳይጠፋበት ወገቡ ላይ በሁለት ቋጠሮ አሰረው። ከዚያ አረንጓዴ አልጌ የለበሰ አዳላጭ ድንጋይ መርጦ ቆመ።

ቋጠሮውን አይቻለሁ። ድንጋዩንም አይቻለሁ። ዝም አልኩ። ሲወድቅ ልቀልድበት የምገጥመው ስንኝ ከወዲሁ ይመጣልኝ ነበር።

ትንሽ ራቅ ብሎ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ቀይ ላይፍ ጃኬት ለብሶ ያጠምዳል። አጎቴ በአማርኛ አላገጠበት፤ «እየው፣ ጡት ያልጣለ ሽማግሌ!»

ሦስተኛው ውርወራ ላይ መረቡን ከሥር ድንጋይ ያዘው። አጎንብሶ ሲስብ ማዕበል መጣና እግሩን አነሳው። ትከሻውን ለቀም አደረግኩ፤ ሰደርያው ጠርር ብሎ ተላቀቀ። ማሽን ቢይዘው ሠራተኛውን አብሮ እንዳይስብ ሲባል በቀላሉ እንዲላቀቅ የተሠራ ነው። ሰደርያው እጄ ላይ ቀረ፤ አጎቴ ሄደ።

ገመዱ ወደ ታች ይዞታል። ጭንቅላቱ ብቅ ይላል፣ ይሰምጣል። ዋና አልችልም፤ ሰደርያውን እያውለበለብኩ ጮህኩ። ሽማግሌው ጃኬቱን እንደለበሰ ገባ፣ ገመዱን በቢላዋ ቆረጠና አጎቴን ወደ እኔ ገፋው። በኮሌታው ጎትቼ አወጣሁት።

አጎቴ ውኃውን ተፍቶ ሲጨርስ፣ «መረቡስ?» አለ።

ሽማግሌው ቢላዋውን አጥፎ ወደ ማጥመጃ ዘንጉ ተመለሰ። ማመስገኑን ማናችንም አላስታወስነውም።

ቤት ስንደርስ አጎቴ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ለሚስቱ አወራላት። «ሴፍቲ ለብሼ ባልሄድ ኖሮ አልቄልሽ ነበር!»

እሷ ወደ እኔ ዞረች። «እውነቱን ነው?»

ሰደርያው ጉልበቴ ላይ ነበር፤ እምብዛም አልራሰም። የቋጠሮውን ነገር ካነሳሁ፣ አይተህ ለምን ዝም አልክ መባሌ አይቀርም።

«እውነቱን ነው» አልኳት።