የምሥራቅ ሁለት ደቂቃ

በደብረ ብርሃን መናኸሪያ ምሥራቅን ግትር የማይላት ሾፌር ቢፈለግ አይገኝም። እኔ፣ ባየው የምባለው ሾፌር፣ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ እላት ነበር፤ ደብቄ ምን አገኛለሁ? የምንነዳቸው ሁለት ቅጥቅጥ አውቶቡሶች የአንድ ሰው፣ የጋሽ ሽፈራው ናቸው። የአንድ ዓመት ሥሪት፣ አንድ ዓይነት ሞተር። ልዩነታቸው የሷ ተርቦ አለው፣ የኔው ተነቅሏል።

ሴትዮዋ የሰላ ድንጋይ ልጅ ናት፤ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው። ብርድ ልብስ ፋብሪካ በፈረቃ ስትሠራ ኖራ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተናውን ሁለቴ ወድቃ በሦስተኛው አለፈች። «ሦስቴ ብወድቅ ለአራተኛ እመጣ ነበር» ትላለች እስከ ዛሬ፣ ማንም ሳይጠይቃት። ስትነዳ ሬዲዮ አትከፍትም፤ ሞተሩን መስማት አለብኝ ባይ ናት። ተሳፋሪ ዘፈን ቢለምናት ወይ ፍንክች።

ናፍጣ የጠፋ ጊዜ፣ ማደያ ለማደያ ስንሰለፍ ስንውል፣ እኛ ሾፌሮቹ አንድ ብልሃት አበጀን። ከደብረ ሲና ያን ዳገት ሞተሩን እያስጮኽን ወጥተን ጣርማ በር ስንደርስ፣ መኪናው ገና ቆሞ ሳያበቃ ቁልፉን እናጠፋለን። አንድ ጠብታም ትሁን ትትረፍ ነው ነገሩ። ምሥራቅ ግን ትቆምና ሞተሩን ሳታጠፋ፣ ነዳጅም ሳትረግጥ፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ በሚኒሞ ትተወዋለች። «ጡረተኛ ነው እንዴ፣ ትንፋሽ የሚሰበስበው?» እያልኩ አሾፍባት ነበር።

«ተርቦው በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ለሞተሩ አየር የሚነፋልህ ነው» አለችኝ አንድ ቀን። «ዳገት ሲወጣ እሳት ይሆናል። የሚያቀዘቅዘው ዘይት ነው። አንተ ድርግም ስታደርገው ዘይቱ ይቆምና እዚያው ያራል። ከዚያ ጭስ በጭስ ሲሆን፣ ተርቦ ናፍጣ ይጠጣል ብላችሁ ታወራላችሁ።»

አልሰማኋትም። የኔው ተርቦ በዓመቱ አረረ፤ መኪናው ዘይትም ናፍጣም ይበላ ጀመር። ጋሽ ሽፈራው «ንቀሉት» አሉ፣ ተነቀለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው። ከዚያ ወዲያ ዳገቱን የምወጣው በሁለተኛ ማርሽ፣ ጥቁር ጭስ እየተፋሁ ሆነ።

እርሳቸውን ይህም አልበቃቸውም። ምሥራቅን፣ ተርቦ ናፍጣ ይጨርሳል ብለው፣ እስከ ቅዳሜ የአንቺንም አስነቅይ፣ አለዚያ ቁልፉን አስረክቢ አሏት። ከዚያ መሪ ከወረደች መኪና የሚሰጣት ሌላ ባለንብረት በከተማው እንደሌለ ሁላችንም እናውቃለን። ሌሎች ሦስት ባለንብረቶች ጠይቃ፣ ሦስቱም «ሴት ለዚህ ዳገት?» ብለው ሸኝተዋታል።

«አላስነቅልም፤ መጀመሪያ ይለካ» አለች።

ሐሙስ ዕለት ሁለታችንም ከአንድ ማደያ ታንከራችንን አፉ ድረስ ሞላን። እኩል ሰው ጭነን ደብረ ሲና ደርሰን ተመለስንና እዚያው ማደያ መልሰን ሞላን። የሷ ሃያ ሁለት ሊትር ወሰደ፣ የኔ ሃያ ስምንት። ያውም ሁለት ደቂቃዋን ሳታስቀር። የምገባበት ጠፋኝ።

ጋሽ ሽፈራው ግን «ማደያው አጭበርብሮ ነው፤ ነገ ራሴ ጋቢና ተቀምጬ አያለሁ» አሉ። ለብቻዬ ጠርተው ደግሞ «አንተም ና፤ መኪናውን ነድተህ የምትመልሰው አንተ ነህ» አሉኝ። እሺ አልኩ። አሁን ሳስበው ያንገበግበኛል።

ዓርብ ከደብረ ሲና ስንመለስ መኪናው ዳገቱን እንደ ጉድ ወጣው። ጣርማ በር ላይ ምሥራቅ የሰላ ድንጋይ ተሳፋሪዎችን ልታወርድ ቆመች፤ ሞተሩ ይሠራል። ጋሽ ሽፈራው ሰዓታቸውን አዩ።

«ይኸውልህ፣ ናፍጣዬ የሚያልቀው እዚህ ነው» አሉኝና እጃቸውን ሰድደው ቁልፉን አጠፉት።

ምሥራቅ መልሳ አስነሣችው። እንደገና አጠፉ። እንደገና አስነሣች፤ አሁን ግን እጃቸውን ይዛ ከቁልፉ ላይ አነሣችው።

«መኪናው የማን ነው?» አሏት።

«የእርስዎ ነው ጋሼ። እኔ መሪው ላይ እያለሁ ግን አያቃጥሉትም።»

«እንግዲያው ውረጂ።»

ሁለት ደቂቃዋን ጨረሰች። ከዚያ ሞተሩን አጥፍታ፣ ቁልፉን መዳፋቸው ላይ አስቀምጣ፣ ጃኬቷን ይዛ ወረደች። ውጭ ያ የጣርማ በር ብርድ ፊት ይገርፋል። እንባዋን አየሁት፤ አልጠረገችውም።

ጋሽ ሽፈራው ቁልፉን ወደኔ ዘረጉ። እጄን ኪሴ ከተትኩ።

«ምን ቆርጦኝ» አልኳቸው። «እኔ አንዱን ገድያለሁ፣ ይበቃኛል።»

«አንተም ትባረራለህ።»

«ልባረር።»

እርሳቸው መንዳት አይችሉም። ከኋላ ተሳፋሪው ማጉረምረም ጀምሯል። እርሳቸውም ወረዱ፤ እኔም ተከተልኳቸው። ቁልፉን ለምሥራቅ ቢሰጧት አልተቀበለችም።

«ተርቦው ይነቀላል ወይስ አይነቀልም?» አለቻቸው።

«አይነቀልም» አሉ በለሆሳስ።

«ባየው አልሰማም ጋሼ።»

ሰምቻለሁ፤ ግን እንዳልሰማ ሆኜ ጆሮዬን ወደሳቸው ሰጠሁ።

«አይነቀልም አልኩ እኮ!» ብለው ጮኹ። ቁልፉን ያኔ ተቀበለች።